የቀትሩ መዶሻ

በላቸው ሞቶ የተገኘው ቀኝ እጁ ወጥ እንደነካ ነው። ቀኑ ጥቅምት 28 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ቦታው ጎንደር ቁስቋም ሰፈር፣ ኖራው ገና ያልደረቀ ባለ ፎቅ ቤቱ ውስጥ ነው። ከፊቱ መሶብ ቀርቧል። ዶሮ ወጥ ወጥቷል፤ እንጀራው ከወዲህም ከወዲያም ተቆርሷል፤ ሁለት ብርሌ ጠጅ ተቀድቶ አንዱ ተጋምሷል። ሰውየው በጎኑ ወድቋል፣ ራሱን ከኋላ ተመቷል፤ የተመታበት መዶሻም ከደረጃው አጠገብ ተጥሏል። የማን መዶሻ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም። የወይራ እጀታ ያለው፣ በእጀታው ላይ ሦስት ጭረት የተጫረበት መዶሻ በጎንደር ከተማ የግንበኛው የአለኸኝ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናንተስ ብትሆኑ ማንን ትይዙ ነበር?

አለኸኝ ከጭልጋ የመጣ አገው ነው። በጎንደር ግንብ ብርቅ አይደለም፤ ነገሥታቱ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ትተውልናል። የአለኸኝን ግንብ ግን የጎንደር ሰው ቆም ብሎ ያየው ነበር። ጣልያን ግንብ ሥራልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ቢልክበት ሦስቴም ታምሜአለሁ ብሎ የቀረ ሰው ነው። በላቸው ደግሞ ከሳንጃ ሰሊጥ የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር። ቤቱን ሲያሠራ ለቁስቋም በዓል እንዲደርስለት ቸኩሎ የኋላው ግድግዳ በጭቃ ይሁን አለ። አለኸኝ በገበያ መካከል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በጭቃ የቆመ ግንብ የአለኸኝ ነው ከሚባል እጄ ይቆረጥ ብሎ መለሰለት። ግንቡ በኖራ አለቀ። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። ደረጃው ገና ስላላለቀ የግንበኛው ዕቃ እዚያው ቤት ተቀምጦ ነበር።

ለፖሊስ ይህን ያስረዳው የሟች ታናሽ ወንድም ቢያዝን ነው። ወንድሜን ከእሑድ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም፣ ትናንት ማክሰኞም ቀኑን ሙሉ ለንግሥ መድኃኔ ዓለም ነበርኩ አለ። እሑድ ዕለት ግን ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም ከአለኸኝ ጋር እንጀራ ቆርሼ እታረቃለሁ ብሎኛል ሲል መሰከረ። ከመንገዱ ማዶ ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል የምትውለው ወይዘሮ አዛለች በበኩሏ ማክሰኞ ዕለት በዚያ በር ባዳ ሰው ሲገባ አላየሁም ብላ ቃሏን ሰጠች። ፖሊሶቹ ግራ ገባቸው። ያን ጊዜ ቢያዝን እንባውን በነጠላው ጠረገና ግንበኛ ለራሱ የጓሮ ቀዳዳ ሳይተው ይቀራል ወይ አላቸው። ነገሩ ለሁሉም ጣማቸው። ግድግዳው ተቆረቆረ፤ ቀዳዳ አልተገኘም። አለመገኘቱም የአለኸኝ ብልኃት ነው ተብሎ በመዝገብ ተጻፈ።

አለኸኝን ያሰረው ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ተራ ፖሊስ ነው። የቁስቋም መሪጌታ ልጅ፣ ቅኔ ቤቱን ጥሎ ፖሊስ የሆነ። ሰው ሲያስር የመጀመሪያው ስለነበር ገመዱን አላልቶ ቋጠረው። ግንበኛው ገመዱን አየት አደረገና፣

«ልጄ፣ ስታስር አጥብቀህ እሰር፤ የላላ ሥራ አልወድም» አለው።

ኃይለ ጊዮርጊስ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲህ ይላል ብሎ ለማመን ልቡ እምቢ አለው። ግን ተራ ፖሊስን ማን ይጠይቀዋል?

አለኸኝ ፍርድ ሳይሰጠው መጋቢት ላይ እስር ቤት ውስጥ በተስቦ ሞተ። መዝገቡ ሳይዘጋ መደርደሪያ ላይ ቀረ። የደብሩ ሽማግሎች ደም የነካ እጅ ከቅጥር አይገባም አሉና ከቁስቋም ቅጥር ውጭ፣ ከአንድ ወይራ ሥር አስቀበሩት።

ቤቱንም ሰው ሸሸው። ቢያዝን ወርሶ ላከራይ ቢል የሚገባ ጠፋ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ መዶሻው ተጀመረ። በሌሊት ቢሆን ሌባ ነው፣ ጅብ ነው ይባል ነበር። ይኸኛው በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ በቀትር ነው የሚመታው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የቀትርን ጋኔን ማን ይዳፈራል? እናቶች ልጆቻቸውን ሰብስበው በር ይዘጋሉ። አንድ ጊዜ ካህናት ጠበል ቢረጩበት ሳምንት ሙሉ ዝም አለ። ሰፈሩ ተመስገን ሲል ሰንብቶ በስምንተኛው ቀን ኳ አለ።

እንዲህ ሆኖ ከግድያው ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

*

ጥቅምት 26 ቀን 1949 ዓ.ም. አዛዡ ኃይለ ጊዮርጊስን አስጠሩት። ኃይለ ጊዮርጊስ አሁን የመቶ አለቃ፣ የምርመራ ሹም ሆኗል፤ ጢሙንም አሳድጓል። ቤቱ ሊፈርስ ነው አሉት። ግራዝማች ቢያዝን ርኩስ ቤት ከሰፈራችን ይጥፋ፣ ድንጋዩም ለመንገድ ይዋል ብለው አመልክተው ተፈቅዶላቸዋል። ግራዝማች ማለት ያው የሟች ወንድም ነው፤ ካርበኞች ተቆጥሮ ሜዳይ ተሸልሟል፣ አሁን ደግሞ የሰፈሩ አጥቢያ ዳኛ ነው። ሠራተኞቹ ግን መዶሻ ወዳለበት ቤት አንገባም ብለው አመፁ። ከቁስቋም በዓል ማግስት፣ ኅዳር 7 ቀን ማፍረስ ስለሚጀመር እስከዚያ መዶሻ መቺውን ያዝ ተባለ። ኃይለ ጊዮርጊስ የግድያውንም መዝገብ አብሬ ላንሣ ብሎ ጠየቀ። አዛዡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለው ሳቁበት፤ ቢሆንም አልከለከሉትም። የጣቢያው ባልደረቦቹም ካቴና ነው ወይስ ጠበል የምትይዘው እያሉ ሲያሾፉበት ዋሉ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ወደ ቤቱ ወጣ። መንገዱ ጭር ብሏል። የአዛለች ደጃፍ እንኳ ተዘግቷል። በሩን ገፋ አድርጎ ገባና መጀመሪያ ያየው ግድግዳውን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያልኖረበት ቤት፣ ጣራው ያፈሰሰ፣ ወለሉ ሣር ያበቀለ፣ የኋላው ግድግዳ ግን አንድ ስንጥቅ የለበትም። ጣቱን በድንጋዮቹ መካከል ቢያስኬድ ኖራው እርጥብ ነው። ጋኔን ኖራ አያቦካም ሲል በሆዱ ሣቀ።

ኳ አለ ከጓሮ በኩል።

ዞሮ ሲሄድ አንዲት ሴት መሰላል ላይ ቆማለች። መቀነቷን አጥብቃ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ በመዶሻ ድንጋይ ታስተካክላለች። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አየችው፤ አልደነገጠችም፤ ድንጋዩን አስቀምጣ እስክትጨርስ ድረስም አልወረደችም።

«ምነው ዘገዩ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ፖሊስ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለችው።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«እማዋይሽ እባላለሁ፤ የአለኸኝ ልጅ ነኝ። አባቴን ያሰሩት አንቱ አይደሉ?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ኋላም አላወቀውም።

ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው። አባቷ ሲታሰር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ከእሱ ተምራለች፤ ከጎንደር ወጣ ባለ አገር ምድጃና ግድግዳ እየሠራች ትኖራለች። በሦስተኛው ዓመት ብታልፍ የኋላው ግድግዳ ሥር ጎርፍ ገብቶ ሊያዘምም ነው። ግንቡ ከፈረሰ ሰው ቀዳዳው ያ ነበር ይላል፤ ያን ጊዜ አባቷ በእውነት ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በፍርሃት በሚሸሽበት ሰዓት እየመጣች ትጠግነዋለች። ኖራውን የምትገዛው ከጉልበቷ ዋጋ ነው። ጠበል የተረጨ ጊዜ ለምን እንደቆመ ቢጠይቃት ያን ሳምንት ወባ ይዟት እንደነበር ሳትሥቅ ነገረችው።

«አሁን ሊያፈርሱት ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ግንቡ ይፍረስ፣ ድንጋይ ነው። የአባቴ አጥንት ግን ከቅጥር ውጭ ነው፤ ከብት ይረግጠዋል። ግንቡ ከሌለ ምንም ምስክር የለኝም። ምሕረት አልለምንም። እነሆ ቱንቢው፤ ይለኩ።»

ቱንቢ ማለት ግንበኛ ግንቡ መቅናቱን የሚያይበት ጫፉ ላይ ብረት ያለበት ገመድ ነው። ከላይ ጣለችለት። ገመዱ ከአናት እስከ መሠረት ከግድግዳው አንድ ጣት አልራቀም። ኃይለ ጊዮርጊስ ቤቱን በውስጥም በውጭም ለካ፣ የግድግዳውን ውፍረት በየማዕዘኑ አስተያየ፣ ፀሐይ እስክታዘነብል ለካ። የተሰወረ ቀዳዳ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። እንግዲያው ገዳዩ የገባው በፊት ለፊት በር፣ በአዛለች ዓይን ሥር ነው።

*

አዛለችን ጠየቃት። እንዝርቷን እያሾረች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃሌ አንድ ነው፣ ባዳ አልገባም፣ ሰባ ጊዜ ብትጠይቀኝ ሰባ ጊዜ ይኸው ነው አለችው። አልዋሸችም፤ አይኗ ያስታውቃል። ግራ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የጠረጠረው ዋሴን ነው። ዋሴ ከበላቸው ጋር በሰሊጥ ገበያ የሚገፋፋ የሳንጃ ነጋዴ ነበር፤ ዛሬም በሕይወት አለ። ኃይለ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና ተሳፍሮ ቆላ ወረደ። ሰውየው ያን ጥቅምት በወባ አልጋ ላይ ወድቆ፣ የንስሐ አባት ተጠርቶለት፣ ሊሞት ነው ተብሎ ዘመድ ተሰብስቦ እንደነበር አገሩ በሙሉ መሰከረለት። ዋሴ ራሱም በላቸውን ጠላቴ ነው ብሎ ሳይሸሽግ፣ እንደሱ ያለ ጠላት ግን ዳግመኛ አላገኝም ብሎ አዘነ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሁለት ቀን በከንቱ ጠፋ።

ኅዳር 1 ቀን ወደ መምሬ ወልደኢየሱስ ቤት ሄደ። የበላቸው የንስሐ አባት ናቸው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ፈዟል፤ አእምሯቸው ግን የጠዋት ፀሐይ ነው። ኃይለ ጊዮርጊስን በሕፃንነቱ ያስቆረቡት እሳቸው ናቸው። በላቸው የሚፈራው ሰው ነበረ ወይ አላቸው። የተጣላውስ ዘመድ ነበረ ወይ አላቸው። መቁጠሪያቸውን አንሥተው ይቆጥሩ ጀመር።

«አባ፣ አንድ ሰው ያለ በደሉ ከቅጥር ውጭ ተኝቷል።»

«በንስሐ የሰማሁትን ለንጉሥም አልናገር፣ ለአንተም አልናገር። ይህን ሸክም ስሸከም አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አሉት።

ሊነሣ ሲል ቤተ ሰባቸው ምሳ አቀረቡ። ሹሮ ነው፣ ከተልባ ጋር። መምሬ እጃቸውን እየታጠቡ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ይቅርታ አድርግልን፣ ጽጌን እየጾምን ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ካህኑም መነኩሴውም የወደደ ይጾመዋል፣ ያልወደደ አይጾመውም። ጾሜአለሁ ብሎ የሚያወራ ግን ዋጋ የለውም። እንደ ሕጉ የሚጾምን ሰው ጾሙን የሚያውቁለት እግዚአብሔርና ወጥ የሚሠራለት ሰው ብቻ ናቸው።»

ኃይለ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ልጅ አይደለ? ጽጌ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ነው፤ በማግስቱ ቁስቋም ይነግሣል። በላቸው የተገደለበት ጥቅምት 27 መሃል ላይ ይውላል። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ዶሮ ወጥ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። መምሬ አንድም ምስጢር አላወጡም። ያስተማሩት ሕፃን የሚያውቀውን ትምህርት ነው። እጃቸውን ስሞ ወጣ።

*

የበላቸው ወጥ ቤት ሸጋዬ ትባላለች። አሁን ድብ ባሕር ከልጇ ጋር ትኖራለች። ሲደርስ አውድማ ላይ ገብስ ስታበራይ አገኛት። ስለ በላቸው ቢያነሣባት ዓይኗ እንባ ሞላ። ሸጋ ሰው ነበር አለች፤ ያን ሰሞን እናቴ ታማ ሰኞ ዕለት ወደዚህ አሰናበተኝ፣ ባልመጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር ስትል ራሷን ወቀሰች። መርዶውን የሰማችውም እዚሁ ሆና ነው፤ ግንበኛው ገደለው ከማለት በቀር ማንም ሌላ ነገር አልነገራትም።

«በዚያ ወር ምን ትሠሪለት ነበር?» አላት።

አንገቷን ደፋች። ለሰው እንዳልናገር በእመቤታችን አስምሎኛል አለች። ሲሞትም መሐላው ፈረሰ የሚላት ሰው አላገኘችም። ኃይለ ጊዮርጊስ አልገፋፋትም። መዝገቡን አውጥቶ ስለ መሶቡ የተጻፈውን ብቻ አነበበላት፤ ዶሮ ወጥ፣ ጠጅ፣ ወጥ የነካው እጅ።

ሸጋዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«የምን ዶሮ? እሱ? ለቁስቋም ዘጠኝ ቀን ቀርቶት? ከመስከረም 26 ጀምሮ ቅቤ በቤቱ አልሸተተም፤ ያለ ሹሮና ተልባ አልቀመሰም። ጠጁንማ ለእንግዳ ብቻ ነበር የምቀዳ። ይኼን የጻፈው ውሸታም ነው።»

የጻፈው አልዋሸም፣ ያየውን ነው የጻፈው አላት። ያን ጊዜ ነገሩ ገባትና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌላም ነገረችው። በላቸው ከባድ ንስሐ ገብቶ ነበር፤ ለቁስቋም ዕለት ሕዝብ ፊት የምናገረው አለኝ ይል ነበር። እሑድ ዕለት ወንድሙ መጥቶ ሁለቱ ስለ አንድ ዋሻ ሲነታረኩ ሰምታለች። የምን ዋሻ እንደሆነ አታውቅም። ከእኔ ጋር ጎንደር ትሄጃለሽ ወይ አላት። ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

በማግስቱ አዛለች ደጃፍ እንደገና ቆመ። ፈታይዋ ያው ነው መልሴ ልትል አፏን ስትከፍት እጁን አነሣ።

«ባዳውን ይተዉት እትዬ። ዘመድስ ገብቷል?»

አዛለች እንዝርቷን አቆመች።

«ዘመድማ ቢያዝን ገባ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አገልግል አንጠልጥሎ። ለመድኃኔ ዓለም ለወንድሙ ምግብ አመጣለት ብዬ ደስ አለኝ። ወንድም ወንድሙ ቤት መግባቱስ ይጠየቃል? የጠየቁኝ ሰው ገባ ወይ ብለው ነው፤ ወንድም ሰው ነው?»

ኃይለ ጊዮርጊስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ቢያዝን ከእሑድ ወዲህ አላየሁትም ብሎ የፈረመበት ወረቀት እዚያ ነበር። በዚያ ቀን ከነበሩት ፖሊሶች አንዱ እሱ ነው፤ ጥያቄው ሲጠየቅ ሰምቷል፣ ስሕተቱንም እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ ውጦታል።

*

ኅዳር 5 ቀን፣ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ሁሉንም በቤቱ ግቢ ሰበሰባቸው። ግራዝማች ቢያዝን ስለ ማፍረሱ ሊነጋገሩ የተጠሩ መስሏቸው በበቅሎ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ሜዳያቸው ከደረታቸው ላይ ነው። ሽማግሎች መጥተዋል፣ መምሬ ወልደኢየሱስ በወንበር ተቀምጠዋል። እማዋይሽ ከግድግዳው አጠገብ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ለማንም እጅ አልነሣችም።

ኃይለ ጊዮርጊስ መዶሻ መቺው ጋኔን አለመሆኑን፣ እነሆ ይህች መሆኗን ተናገረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀዳዳ እንደሌለ፣ ግንቡን ራሱ እንደለካ ነገራቸው። ቀጠለና፣

«ግራዝማች፣ ወንድምዎ መጨረሻ የበላው ምን ነበር?» አለ።

«በመዝገብ ያለ ነገር ነው። ከአለኸኝ ጋር ዶሮ በልቶ ነው የሞተው።»

«አልበላም። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን እየጾመ ነበር። ወጥ ትሠራለት የነበረችው እዚህ አለች።»

ሸጋዬ ወደ ፊት ወጥታ ሹሮውንና ተልባውን መሰከረች። አዛለች አገልግሉን መሰከረች። ከዚያ በፊት ግራዝማቹ ይቆጣሉ፣ ይክዳሉ፣ ይህች ገረድ ተገዝታ ነው ይላሉ ብሎ ኃይለ ጊዮርጊስ ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ግን አገልግሉን እንኳ የሰሙት አይመስሉም። ሸጋዬን ብቻ ያያሉ።

«ይጾም ነበር?» አሏት ቀስ ብለው።

«ይጾም ነበር ጌታዬ።»

ቢያዝን አለኸኝ ሳይጨርሰው በቀረው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«አልነገረኝም። ብላ አልኩት። ቆርሼ ላጎርሰው እጄን ዘረጋሁ፣ አፉን ዘጋ። ስለ እናታችን ጡት ብዬ ለመንኩት፤ አልበላም ከማለት በቀር ምንም አላለ። የወንድሙን ጉርሻ እምቢ ያለ ሰው ወንድምነቱን ፍቆ የለም? ለቁስቋም ሕዝብ ፊት ይሰጠኛል አልኩ። መዶሻው እዚያው ነበረ።»

የሟቹን እጅ በወጥ የነከሩት፣ በሁለቱም ወገን ቆርሰው በግድ እየዋጡ የበሉት እሳቸው ናቸው። የዋሻውም ነገር ወጣ። በጣልያን ጊዜ አርማጭሆ ላይ ሰባት አርበኞች የተደበቁበትን ዋሻ ለጠላት ያሳዩት ቢያዝን ኖረዋል፤ በላቸው አውቆ ስለ ወንድሙ ዝም ብሎ ነበር። ያ ዝምታ ነው ንስሐ ያስገባው።

ሸጋዬ አንድ ነገር ጨመረች።

«ስምዎን አያነሣም ነበር። ለቁስቋም የራሴን ዝምታ እናዘዛለሁ እንጂ የእናቴን ልጅ ለሰው አልሰጥም ብሎኝ ነበር።»

መምሬ ወልደኢየሱስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቢያዝን ሜዳያቸውን በገዛ እጃቸው ፈተው ድንጋዩ ላይ አኖሩት፤ ቀጥለውም ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ኃይለ ጊዮርጊስ አሰራቸው። አጥብቆ አሰራቸው።

*

ኅዳር 6 ቁስቋም ነገሠች። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ጎንደር በሙሉ ግቢውን ሞልቶ ሳለ፣ የደብሩ ሽማግሎች ብድግ ብለው አለኸኝ ንጹሕ ነው፣ በድለነዋልና አጥንቱ ወደ ቅጥር ይግባ ሲሉ አስታወቁ። ከመካከላቸው አንዱ ሰው እንዳይጨናነቅ ነገ በማለዳ፣ በምሥራቅ በኩል ባለችው ትንሽ በር ብናስገባው አለ። ሕዝቡ እሽ ሊል ነበር። እማዋይሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«አባቴ የጓሮ በር አያውቅም» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ያማችሁት በዚያ ነው። በትልቁ በር፣ በቀትር፣ ሁላችሁም እያያችሁ ይገባል።»

እንዳለችው ሆነ። በማግሥቱ በቀትር ሰዓት አገር ምድሩ ወጣ። ከቁስቋም በር እስከ ወይራው ድረስ ሰው በግራና በቀኝ ተሰልፎ ቆመ፤ ጭልጋ ያሉ ዘመዶቹም ሌሊቱን ተጉዘው ደርሰዋል። ጋኔን ትዝ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ቤቱም አልፈረሰም። ሽማግሎቹ ራሳቸው ማመልከቻ ጽፈው አስቀሩት። አምና ያለፈ ሰው አይቶታል፤ የኋላው ግድግዳ ዛሬም አንድ ስንጥቅ የለበትም። እኛ ጎንደሬዎች እንግዳ ሲመጣ የነገሥታቱን ግንብ አሳይተን ስናበቃ እሱንም እናሳያለን።

መቃብሩን የሠራችው እማዋይሽ ናት። ከማንም ድንጋይ አልተቀበለችም፣ ከማንም ኖራ አልተቀበለችም። በሳምንቱ ኃይለ ጊዮርጊስ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ወሬ አላበዛም። አንድ ድንጋይ ላኑር፣ አንድ ብቻ፣ እነዚያን እጆች ያሰርኩት እኔ ነኝ አላት። ከክምሩ አንዱን በእግሯ አመለከተችው።

ተሸክሞ አመጣው፣ ኖራው ላይ አስቀመጠው፣ ላቡን ጠረገ። እማዋይሽ ቱንቢዋን ጣለች፣ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተጣሟል» አለችው። «ያንሡትና እንደገና።»

የመቶ አለቃው አነሣና እንደገና አስቀመጠ። የተቀበለችው በሦስተኛው ነው።